በማን እጅ ተሻላት

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው እትዬ! እኔ ከእማማ አፍ ነጥቄ ምን ልሆን?»

ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው፤ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ ገና በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ። የአፓርታማው ግድግዳ ስስ ከመሆኑ የተነሳ ኩሽና ውስጥ የወደቀ ማንኪያ መታጠቢያ ቤት ያለውን ሰው ያስደነግጣል። የምትምለው የሟች ወንድሙ ሚስት ናት፤ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከዚህ ቤት ያልወጣች፣ እናቱ ወድቃ የጀርባ አጥንቷ ከተሰነጠቀ በኋላ ደግሞ ከበሽተኛዋ አልጋ አጠገብ ፍራሽ አንጥፋ የምታድር ሴት። የምታስምላት ታላቅ እህቱ ነበረች። እህቱ ልጆቿንና ሥራዋን ሌላ ከተማ ትታ እናቷን ልታስታምም ከመጣች ገና ሳምንት መሙላቷ ነው፤ ሆኖም ቤቱን ከላይ እስከ ታች አገላብጣ፣ የመድኃኒቱን ቁምሳጥን ቆልፋ፣ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

«ኪኒኑን አንቺ ስትሰጫት ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ታድራለች። እኔ በእጄ ስሰጣት ግን ጸጥ ትላለች፣ ተሻለኝ ትላለች። ኪኒኑ ያው፣ በሽተኛዋም ያችው። የተለየው እጁ ብቻ ነው።»

«እኔ እንጃ እትዬ። እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል። እኔም ማወቅ ፈልጌ ነው።»

የሚላጨው ሰው ምላጩን እንደያዘ ራሱን በመስታወቱ ውስጥ አየ። ሰፈሩ የሚያውቀው «የአይጥ ሐኪም» በሚል ስም ነው። በከተማው የሕክምና ትምህርት ቤት መድኃኒት የአይጥ ጉበት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን ይመረምራል፣ ያስተምራል። ስሙን ያወጣችለት ራሷ እናቱ ናት፤ ጎረቤት «ልጅሽ ምን ሆነልሽ?» ሲላት «ሐኪም ሆነልኝ፣ ግን የአይጥ» እያለች ስትስቅ ስሙ እዚያው ተጣብቆበት ቀረ። ተቆጥቶበትም አያውቅም። ዛሬ ግን ያን ግማሽ ነጭ፣ ግማሽ ጠይም ፊት ሲያየው አስጠላው፤ ምክንያቱም እህቱን ተሳስተሻል የሚልበት ነገር አጣ። ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ይህንኑ አይደለም ወይ? ሁሉን ነገር አንድ አድርገህ አንዱን ብቻ ለውጥ፤ ተጠያቂው የተለወጠው ነው። እህቱ አንድም ቀን ቤተ ሙከራ ሳትገባ ነገሩን እንደ እሱ አድርጋ ነው የፈተነችው።

ኩሽና ሲገባ የምራቲቱ ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፏል። ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ የታጠፉ ሻሾች፣ የሟች ባሏ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ ከመሃል ደግሞ አንዲት ትንሽ የኪኒን ብልቃጥ። እህቱ ብልቃጧን ለብቻ ለይታ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አቁማታለች። ውስጧ ያሉት ኪኒኖች ነጭ፣ ክብ፣ ትናንሽ ናቸው፤ ከእናቱ የሕመም ማስታገሻ ጋር ቢቀላቀሉ ለመለየት መነጽር ያስፈልጋል። ቫይታሚን ነው፣ ፀጉሬ ሲረግፍ ክሊኒክ የሰጡኝ ነው ብላለች ምራቲቱ። ማስታገሻው ደግሞ ያለ ሐኪም ወረቀት የማይሸጥ፣ ዋጋው በየወሩ የሚንር፣ ፋርማሲ ደጃፍ ላይ ቆሞ እጥፍ የሚከፍልበት ሰው የማይጠፋ ነገር ነው። ባለፈው የመጣው ሐኪምም በእሳቱ ላይ ቤንዚን አርከፍክፎበት ነው የሄደው፤ «ይህ መድኃኒት እኮ ፈረስ ያስተኛል፤ ካልተሻላቸው እየወሰዱት አይደለም ማለት ነው» ብሎ።

«የተማርከው አንተ ነህ» አለችው እህቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የእናታቸው ጆሮ ከደከመ ቢቆይም ጥንቃቄ አይከፋም። «እኔ ካጠፋሁ አጠፋሽ በለኝ።»

ምራቲቱ ወደ እሱ ዞረች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችውም። ዝም ብላ ጠበቀችው። እሱ ስኳር ያልገባበትን ሻይ ሲያማስል ቆየና «እንግዲህ…» አለ። «ለጊዜው ዘመዶችሽ ዘንድ ብታርፊ ለሁሉም ሳይሻል አይቀርም። ነገሩ እስኪጣራ።» ይህ ነገሩ እስኪጣራ የሚሉት ቃል የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የደረሰበት ያውቀዋል። ምራቲቱ አንገቷን ደፋች። የባሏን ሰዓት በሻሽ ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ከተተችና፣ «ከሰዓት እሄዳለሁ፤ እማማን አጥቤ ልጨርስ» አለች። ለበሽተኛዋ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች እንዲባል ተወሰነ፤ ወሳኟም እህቱ ነበረች።

ሊሰናበት ወደ እናቱ ክፍል ገባ። መስኮቱ በመጋረጃ ስለተጋረደ ክፍሉ ውስጥ ገና ሌሊት ይመስላል፤ የሚታሽ ቅባት፣ የታጠበ አንሶላና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ የሟች ወንድሙ ፎቶ አልጋውን ቁልቁል ያያል። እህቱ ተከትላው ገብታ ራሷ የሠራችውን ሾርባ በማንኪያ ታጎርሳት ጀመር። እሱ ቀደም ብሎ ከድስቱ ቀምሶ ማንኪያውን ቶሎ አስቀምጧል፤ ጨው ብቻ ነው። እናቱ ግን ዋጥ እያደረገች፣ «እጅሽ ይባረክ! እንዲህ ያለ ሾርባ ከበላሁ ስንት ዘመኔ» አለች።

«ሌሊቱን እንዴት አደርሽ እማዬ?»

«ድኛለሁ ልጄ። እህትህ መጥታ ምን እሆናለሁ? በል ሂድ፣ አይጦችህ ይርባቸዋል።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው፤ ሰማህ አይደል በሚል ዓይን። ምራቲቱ እርጥብ ጨርቅ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እናቱ አንድ አፍታ ወደ እሷ ተመለከተችና ዓይኗን መልሳ ወደ ሾርባው ሳህን አደረገች። ይህን እሱ አየ፤ ያየውንም በገዛ ፍርዱ ተረጎመው። እናቴም ጠርጥራታለች አለ በልቡ። እንዲያ ብሎ ሲወጣ ቀለል ብሎት ነበር።

የአይጦቹ ክፍል ከሕንፃው ምድር ቤት ነው። ሙቀቱ ክረምት ከበጋ አይለዋወጥም፤ መብራቱ በሰዓቱ ይበራል፣ በሰዓቱ ይጠፋል፤ ጎጆዎቹ እንደ መጻሕፍት ተደርድረዋል፣ ግድግዳውም የእንጨት ፍቅፋቂና የሽንት ሽታ ጠጥቷል። እዚህ ሲገባ ልቡ የሚረጋጋ ሰው ነበር፤ አይጥ አታማም፣ አትምልም፣ አታስምልም። ዛሬ የተማሪዎች ቀን ስለሆነ ነጭ ካፖርት የለበሱ ወጣቶች ትልቁን ጠረጴዛ ከበው ጠበቁት። በየዓመቱ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው፤ «አይጥ ትንሽ ሰው አይደለችም፤ ሰውም ትልቅ አይጥ አይደለም።» ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ዛሬም ሳቁ።

ከዚያ ስለ ጉበት አወራላቸው። ጉበት ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ፤ አንዱን መድኃኒት ሰባብረው ይጥሉታል፣ ሌላውን ደግሞ ከተኛበት ቀስቅሰው ሥራ ያስይዙታል። ሠራተኞቹ ግን በሁሉም ቤት አንድ አይደሉም። አንድ የእንቅልፍ መድኃኒት በየክብደታቸው መጥነህ ለአይጥና ለውሻ ብትሰጥ፣ አይጧ ተነስታ እህሏን ስትቆረጥም ውሻው ገና ያንኮራፋል። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የአይጥማ ይብሳል» አላቸው። «ወንዱ ነቅቶ ሲሯሯጥ፣ ከአንድ እናት አብራው የተወለደችው እህቱ ገና እንቅልፍ ላይ ናት።» ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ በቃሉ ይዞታል፤ አፉ ይናገራል፣ ሐሳቡ ግን ኩሽና ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። አንዲት ነጭና አንዲት ቡናማ እንስት አይጥ ቀርበዋል። ሁለቱም ኮዴይን የሚባለውን ማስታገሻ በእኩል መጠን ይወጋሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ጅራታቸው ላይ የመብራት ሙቀት ይደረጋል። ማስታገሻው የያዛት አይጥ ጅራቷን ለማንሳት ትዘገያለች፤ ያልያዛት ወዲያው ትነጥቃለች። መርፌውን የሚወጋው ሁልጊዜ አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ መምህሩ ይመርጠዋል። ዛሬ የመረጠው አንዲት ጥንቁቅ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ነጯ አይጥ ጅራቷን ረስታ ተቀመጠች። ቡናማዋ ግን ሙቀቱ ገና ከመድረሱ ጅራቷን ሰበሰበችው። ደግመው ሞከሩ፤ ያው ሆነ።

«ውሃ ነው የወጋሻት!» አለ አንዱ ተማሪ።

«ግማሹን መሬት ላይ አፍስሰሽዋል» አለች ሌላዋ።

«አላፈሰስኩም» አለች ልጅቷ። «እናንተም ቆማችሁ እያያችሁኝ ነው የወጋሁት።»

ይህም የትምህርቱ አካል ነበር። መምህሩ በየዓመቱ ሆን ብሎ ዝም ይላል፤ ክፍሉ የወጋውን ሰው እስኪከስ፣ የተከሰሰው ፊቱ እስኪቀላ ይጠብቃል። ከዚያ እየሳቀ፣ «የወጋውን ተዉት፤ ሌባው የአይጧ ጉበት ነው» ይላል። ኮዴይን በራሱ ሕመም አያስታግስም፤ ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው ሥራ የሚይዘው። የእነዚህ ቡናማ እንስቶች ጉበት ውስጥ ያ የሚቀይረው ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል። ኪኒን ብታስውጣት፣ መርፌ ብትወጋት፣ ንጉሥ በእጁ ቢሰጣት ለእሷ ውሃ ነው። በሰውም ዘንድ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ አልፎ አልፎ በዘር የሚመጣ እንዲህ ያለ ጉበት ይገኛል። ይህን ለስንት ዓመት፣ ለስንት ተማሪ በሳቅ አዋዝቶ አስተምሯል።

ዛሬ ልጅቷ ወደ እሱ ዞረች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችውም። ዝም ብላ ጠበቀችው።

የሚለውን ቃል ያውቀዋል፣ ምላሱ ላይ ነው፣ ግን አልወጣ አለው። ያን ፊት ጠዋት አይቶታል። እናቱ የምትወስደው ማስታገሻ ኮዴይን ነው፤ ስሙን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ፣ ቤቱ ውስጥ ብልቃጡ ላይ እያነበበ፣ አንድም ቀን ሁለቱን አላገናኛቸውም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው በእሱ ደረሰ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ፣ «ጥፋት የለባትም» አላቸው፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እሷ በደንብ ነው የሰጠቻት። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።» ቀሪውን ባልደረባው እንዲጨርስለት አስረክቦ ካፖርቱን ወንበር ላይ ጥሎ ወጣ።

አውቶብሱ ውስጥ ሰው ከሰው ተጣብቆ ቆሟል። አንዷ የሽንኩርት መወደድ ታወራለች፣ ሌላው ቤት ኪራይ ጨመሩብኝ ይላል። እሱ ከመስኮቱ ዳር ታጭቆ ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር። የአጥንት ስንጥቅ የአይጥ ጅራት አይደለም፤ የአንድ አይጥ ነገር ደግሞ ለአንዲት አሮጊት ምስክር አይሆንም። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አልፈታ አለው፦ እናቱ ከእህቱ እጅ ስትወስድ ተሽሏታል። ጉበት እጅ አይመርጥም። ታዲያ የእህቱ ነገር እውነት ነው? ጥርሱን የተነቀለ ጊዜ ትዝ አለው። ይህንኑ ማስታገሻ ገዝቶ ውጦ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ሲደበድብ አደረ፤ ሲነጋ ፋርማሲው ድረስ ሄዶ ሰውየውን የውሸት መድኃኒት ትሸጣለህ ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። ያኔም ሌባ ነበረ የፈለገው። ጉበቱን ከማን እንደወረሰው አላሰበም።

ቀጥሎ የመጣለት ሾርባው ነው። ያ ሰው የማይበላው፣ ጨው ብቻ የሆነ ሾርባ፤ እናቱም እጅሽ ይባረክ እያለች ጨርሳዋለች። እናቱ እንግዳ ያመጣላትን ነገር ነቅፋ አታውቅም። የጠበባትን ጫማ «ልክክ አለልኝ» ብላ፣ ሰጪዋ ከቤት እስክትወጣ እግሯ እየደማ ቆማ ነበር። ሾርባውን ጣፈጠኝ ያለች ሴት ኪኒኑንስ ተሻለኝ ብትል? ሳምንቱን ሙሉ ያች እናት ሕመሟን አፍና፣ በዝምታዋ ሌላዋን ሴት ሌባ አድርጋ አስፈርዳለች፤ ማስፈረዷንም አታውቅም።

ከአውቶብስ ሲወርድ ምራቲቱን ፌርማታው ወንበር ላይ አገኛት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አውቶብስ አጥተሽ ነው?» አላት፤ ሌላ የሚለው ጠፍቶት።

«አላጣሁም። ወዴት የሚሄደውን እንደምይዝ ነው ያጣሁት።»

አጠገቧ ተቀመጠ። «ኪኒኑ ለእማዬ አይሠራም» አላት። «አንቺም ብትሰጫት፣ እታለምም ብትሰጣት፣ እኔም ብሰጣት። ጉበቷ አይቀበለውም። በእታለም እጅ ተሻለኝ የምትለው…»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«እትዬ ኪኒኑን ሰጥተዋቸው ሲወጡ እማማ አንሶላውን በጥርሳቸው ይነክሳሉ። አንሶላውን የማጥበው እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? እማማ ይዋሻሉ ብዬ? ሌባ መባሌ ሳያንስ በአሮጊት ላይ አሳባቂ ልባል? ልጃቸው ደስ እንዲላት ብለው ቻል አድርገው የያዙትን እኔ ላፍርሰው?»

«ጠዋት ዝም ማለቴ…»

«ዝም አላልክም» አለችው፣ ሳትቆጣ። «ዝም ብትልማ ምን አለበት። ተናገርክ እንጂ።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷን ስም እሱ ከሻይ ጋር አማስሎ ጠጥቶታል። ተነስቶ ቦርሳዋን ሊይዝላት እጁን ሲዘረጋ አልሰጠችውም። «እማማን የሚያገላብጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ለእሱ እመጣለሁ» አለች። «ለሌላው ግን አይደለም።»

እህቱ በር ከፍታ ሁለቱን አብረው ስታይ ፊቷ ጠቆረ። እሱ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ስለ ጉበቱ፣ ስለ ቡናማዋ አይጥ፣ ስለ ጥርሱም ሳይቀር ነገራት። እጇን አንገቷ ላይ ካለው ቁልፍ ሳታነሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«ሰው ትልቅ አይጥ አይደለም የምትለው አንተ አይደለህም?» አለችው። «እናቴን ከአይጥ ጋር ታወዳድርልኛለህ? በዓይኔ ያየሁትን! በጆሮዬ የሰማሁትን! ተሻለኝ ብላኛለች እኮ!»

«ልክ ነሽ። አይጧ አትመሰክርም። እማዬን እንጠይቃት።»

«እንጠይቃት!» ብላ እህቱ ቀድማ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ትከሻ ዳሰሰች፤ ድምጿ ግን ኮሪደሩ ላይ ከነበረው ቀጥኗል። «እማዬ፣ እኔ የምሰጥሽ ኪኒን አልተሻለሽም? እስቲ ንገሪው።»

«ተሽሎኛል ልጄ፣ በጣም እንጂ» አለች እናቱ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አንድ እጇ ብርድ ልብሱ ሥር የፍራሹን ጠርዝ ጨምድዶ ይዞ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ለእህቱ ሊያሳያት ፈለገና እናቱን ማጋለጥ ሆኖበት ተወው። በዚህ መሃል ምራቲቱ ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ደረሰች።

«እማማ፣ መጣሁ» አለች።

እናቱ አንገቷን አዞረች። ያየቻት ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ የተቋጠረው ፊቷ ተፈታ። «ወይኔ ልጄ!» ብላ ጮኸች። «ወይኔ ወገቤ! ነደደ እኮ፣ ነደደብኝ! እስካሁን የት ሄደሽ ነው? ነይ እስቲ ያዢኝ!» ለቅሶው እንደ ሕፃን ለቅሶ ነበር፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም የማይለይ። ምራቲቱ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች፣ ሁለት እጇን ከጀርባዋ ሥር አስገብታ ደገፈቻት። «አይዞዎት እማማ፣ አይዞዎት፣ ያልቅሱ» ትላታለች። የጎረቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ። ከቤቱ ውስጥ ማንም ዝም በይ አላላትም።

እህቱ ከአልጋው ተነስታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጥቂት ጋብ ሲል፣ «ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?» አለች።

«አንቺማ ስንት መንገድ አቋርጠሽ፣ ልጆችሽን ጥለሽ መጥተሽ… አልተሻለኝም ብዬ ባዶ እጅሽን ላስቀርሽ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።» እናቱ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ከእሷ ጋር ምን እደባበቃለሁ። እሷ የቤት ሰው ናት።»

እህቱ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀችው። ለምራቲቱ ልትሰጣት ፈለገች፤ የምራቲቱ ሁለት እጆች ግን ከበሽተኛዋ ጀርባ ሥር ናቸው። የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቶባት ክሩን በጣቷ ላይ ትጠመጥመው ጀመር። እሱ ለሐኪሙ ሊደውል ስልኩን አወጣ፤ የጉበትን ደግነት ሳይጠብቅ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ዛሬውኑ ይታዘዝልን ሊለው። ቁጥሩን ሲፈልግ እናቱ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን በምራቲቱ ደረት ላይ እንዳደረገች ተናገረች።

«ካነሳችሁት አይቀር» አለች፣ «ያ ሾርባም ጨው በዝቶበት ነበር።»

ፈገግ ያለችው ምራቲቱ ብቻ ነበረች።